የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ክፍት ስብስብ፦ ፈቃዱ አንደኛ፣ ዳታው ግን ሥራ ይጠይቃል

የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ የቅጂ መብት የማይገድባቸውን ሥራዎች 375,000 ገደማ ምስሎች ሲሲ ዜሮ (CC0) በሚባለው ፈቃድ ለቀቀ። ሙዚየሙ በምስሎቹ ላይ ሊኖረው የሚችለውን መብት ሁሉ ትቷል ማለት ነው። ቆርጦ፣ ቀለም ቀይሮ፣ ቲሸርት ላይ አትሞ መሸጥ ይቻላል፤ ማስፈቀድም ምንጭ መጥቀስም ግዴታ አይደለም። የአገልግሎቱ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። «ለንግድ አይውልም» የሚል ቃል ያለበት ምስል፣ ጥራቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለደንበኛ ለሚሠራ ዲዛይነር አይጠቅምም።

አንድ ምስል ብቻ ለሚፈልግ መንገዱ አጭር ነው። በድረ ገጹ ፍለጋ ላይ የኦፕን አክሰስ (Open Access) ማጣሪያውን መምረጥ፣ የሥራውን ገጽ መክፈት፣ የፐብሊክ ዶሜይን፣ ማለትም የቅጂ መብት የማይገድበው መሆኑን የሚያሳየውን ምልክት አይቶ ማውረድ። ምዝገባም ክፍያም የለም።

ከማተማችሁ በፊት ግን ፒክሰሉን እዩ። ረጅም ጎኑ 4000 ፒክሰል የሆነ ፋይል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣዋል፤ ለኤ4 ይበቃል፣ 4961 ፒክሰል ለሚፈልገው ኤ3 ግን ያንሳል። በሶፍትዌር መለጠጥ የብሩሹን ዱካና የቀለሙን ስንጥቅ ያደበዝዛል፤ ሥዕሉ ፕላስቲክ መስሎ ይወጣል። የፎቶዎቹ ጥራትም እኩል አይደለም። ዝነኞቹ ሥዕሎች በጥሩ ብርሃን ተነስተዋል፤ ከትናንሾቹ ዕቃዎች መካከል ግን ዛሬም በድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ የሚታዩ አሉ።

በብዛት ለሚፈልግ ፕሮግራመር ኤፒአይ (API)፣ ማለትም ፕሮግራም በቀጥታ ዳታውን የሚጠይቅበት መንገድ አለ። ቁልፍ አይጠይቅም፣ በሴኮንድ እስከ 80 ጥያቄ ይፈቅዳል፤ ይህ ቸርነት ነው። ደካማው ጎኑ ፍለጋው ነው። የሚመልሰው የሥራዎቹን መለያ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ርዕሱንና የምስሉን አድራሻ ለማግኘት ለእያንዳንዱ ቁጥር ሌላ ጥያቄ መላክ ያስፈልጋል፤ ለ2000 ውጤት 2001 ጥያቄ መሆኑ ነው። ምስል ያላቸውን ብቻ የሚያወጣው ማጣሪያም ነፃውን ከተከለከለው አይለይም። ስለዚህ «ኢዝ ፐብሊክ ዶሜይን» (isPublicDomain) የሚለው መስክ እውነት መሆኑን ኮዱ በየመዝገቡ ይፈትሽ። ካልፈተሸ የምስሉ አድራሻ ባዶ ሆኖ ይመጣና ማውረዱ መሐል ላይ ይቆማል።

የጊዜ መስመር የምትሠሩ ከሆነ «በ1650 ገደማ» ዓይነቱን ለሰው የተጻፈ ቀን ተዉት። የመነሻና የመድረሻ ዓመት በቁጥር የተቀመጡባቸው ሁለት መስኮች አሉ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን በአሉታዊ ቁጥር ይመጣል።

ሙሉውን ካታሎግ የሚፈልግ የኮድ ማከማቻ በሆነው ጊትሀብ ላይ ያለውን ሲኤስቪ (CSV) የሠንጠረዥ ፋይል ይውሰድ፤ ከ470,000 በላይ መዝገቦች አሉት። ትልልቅ ፋይሎችን ለብቻ በሚያስቀምጠው ጊት ኤልኤፍኤስ (Git LFS) የተቀመጠ ስለሆነ ዝም ብሎ በዚፕ ያወረደ ሰው ሁለት ሦስት መስመር ያላት ፋይል ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ምስሎቹ ደግሞ ከፋይሉ ጋር አይመጡም፤ ለእነሱ ተመልሶ ወደ ኤፒአይው ነው።

ሙዚየሙ ራሱስ ምን ያተርፋል? የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ጥሩ ማስረጃ ነው። ሠዓሊው ቨርሜር የሣላት የወተት ቀጂዋ ሴት ምስል ቢጫ በመቱ ቅጂዎች ኢንተርኔት ላይ ተበትኖ ስለነበር፣ ጎብኚዎች በሙዚየሙ ሱቅ ያለው ፖስትካርድ እውነተኛውን ሥዕል ያሳያል ብለው አላመኑም። ሙዚየሙ ትክክለኛውን ፋይል ራሱ መልቀቅ የተሻለ መከላከያ መሆኑን ተረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ምስሎቹን የሚያወርዱበትን ራይክስ ስቱዲዮ የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት በ125,000 ሥራዎች ከፈተ። መጥፎ ቅጂ ያወጣውን ሁሉ እያሳደዱ ከመክሰስ ይህ በእጅጉ ያነሰ ወጪ አለው።

ከአማራጮቹ፣ ሦስት አቅጣጫ ያላቸው ሞዴሎች ለጌም ወይም ለስሪዲ ህትመት የሚፈልግ ወደ አሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን ይሂድ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በ2.8 ሚሊዮን ምስሎችና ሞዴሎች የጀመረ ሲሆን፣ ለኤፒአይው ነፃ ቁልፍ ማውጣት ያስፈልጋል። የምስሉን የኢንተርኔት አድራሻ በመለወጥ ብቻ ምስሉን መቁረጥና መጠኑን መቀየር ለሚሻ ድረ ገጽ ሠሪ ደግሞ የቺካጎው አርት ኢንስቲትዩት ይሻላል፤ ትሪፕል አይ ኤፍ (IIIF) በሚባለው የምስል ማቅረቢያ መስፈርት ስለሚሠራ 843 ፒክሰል ስፋት ያለውን ቅጂ መጥራት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ለህትመትና ለዲዛይን ግን የሜትሮፖሊታኑ ስብስብ ስፋት ያመዝናል።

ሲሲ ዜሮ የማይሸፍነውም አለ፦ የንግድ ምልክትና በፎቶው ላይ የሚታይ ሰው መብት። ፋይሉን ስታስቀምጡ ደግሞ የሥራውን መለያ ቁጥር በስሙ ውስጥ ጻፉ። ሙዚየሞች የሠዓሊውን ስምና ዘመኑን በየጊዜው ያርማሉ፤ ቁጥሩ ከሌለ የታረመውን መዝገብ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።