ለነጻ ትርዒት 145 ፓውንድ፦ የኤድንብራ ፍሪንጅ «ጥቅል» እንዳትገዙ

በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ በየኦገስቱ የሚካሄደውን ፍሪንጅ የተባለ ታላቅ የትርዒት ፌስቲቫል ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ከለንደን ስንነሳ ከአንድ የጉዞ አዘጋጅ «የፍሪንጅ ሙሉ መግቢያ» የተባለ ጥቅል ገዛን። ለአንድ ሰው 145 ፓውንድ፣ ለሁለታችን 290። በሦስት ቀን ዐሥር ትርዒት፣ የተጠበቀ መቀመጫ፣ የሰዓት ሰሌዳና ካርታ ይሰጣል ተብሎ ነው። ማስታወቂያው ላይ በኤድንብራ ግንብ ፊት ለፊት ባግፓይፕ የሚነፉ ወታደሮች ፎቶ አለ። እነዚያን ወታደሮች አላየናቸውም። እነርሱ የሚታዩት በዚያው ወር በሚካሄደው ሚሊተሪ ታቱ በሚባለው የወታደራዊ ሙዚቃ ትርዒት ላይ ነው፤ እርሱም ከፍሪንጅ የተለየ ዝግጅት ነው፣ ትኬቱም ለብቻው ይሸጣል።

ይህ እንኳን ይቅር። ከዐሥሩ ትርዒቶች ሰባቱ ነጻ ነበሩ። ማንም መንገደኛ ዘው ብሎ ገብቶ የሚያያቸው፣ ከመጀመሪያውም ትኬት የሌላቸው።

ይህን ያወቅነው በመጀመሪያው ምሽት ካውጌት በሚባለው ጎዳና፣ በአንድ መጠጥ ቤት ምድር ቤት በር ላይ ነው። ባለቤቴ አትማ የያዘችውን ወረቀት በሩ ላይ ለቆመው ወጣት ዘረጋችለት። ገለባብጦ አየውና «ይህ ምንድን ነው?» አለ። ትኬት ነው አልነው። «እኛ ትኬት የለንም፤ ቦታ ካገኛችሁ ግቡ» ብሎ አሳለፈን። የተጠበቀው መቀመጫችን ከኋላ ያለ የቢራ በርሜል ሆነ። ትርዒቱ ሲያልቅ ያው ወጣት፣ ለካ ኮሜዲያኑ ራሱ ኖሯል፣ ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ከልባችን አስቆናልና ዐሥር ፓውንድ ጣልንለት። ከከፈልነው 290 ፓውንድ ለእርሱ አንድ ሳንቲም እንዳልደረሰው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ገብተህ ትቀመጣለህ፣ ትጠጣለህ፣ ግጥሙ ሲነካህ ብር አውጥተህ አዝማሪው ግንባር ላይ ትለጥፋለህ። አንድ ሰው ውጭ ቆሞ «የአዝማሪ ቤት መግቢያ በቅናሽ» ብሎ ቢሸጥልህ ትስቅበታለህ። እኔ ግን አገሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ ወረቀቱም የሚያብረቀርቅ ስለሆነብኝ አልሳቅሁም፤ ከፈልሁ።

ሻጩ የተጠቀመው እኛ የፍሪንጅን አሠራር ባለማወቃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ኤድንብራ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ስታዘጋጅ ስምንት የቲያትር ቡድኖች ሳይጋበዙ መጥተው በፌስቲቫሉ ዳርቻ ላይ ተጫወቱ፤ «ፍሪንጅ» ማለትም ዳርቻ ነው። ፍሪንጅ የተወለደው ከዚያ ነው። ዛሬም ማን ይምጣ፣ ማን ይቅር ብሎ የሚመርጥ አካል የለም። በ1958 የተቋቋመው የፍሪንጅ ማኅበር ትርዒቶችን ይመዘግባል፣ ትኬት ይሸጣል እንጂ አይመርጥም። ከ3,000 በላይ ትርዒት በየአዳራሹ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመጠጥ ቤቱ ይታያል፤ እያንዳንዱም ዋጋውን ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ሁሉንም የሚያስገባ አንድ ትኬት የሚባል ነገር የለም። አለ የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል፤ የእኛው ያውቅ ነበር።

ዋጋ የነበራቸው ሦስቱ ትርዒቶች በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ለአንድ ሰው ተደምረው 38 ፓውንድ ነበሩ። ቀሪው 107 ፓውንድ የሰሌዳውና የካርታው ዋጋ መሆኑ ነው። ሰሌዳውስ? ካውጌት ላይ ያለ ትርዒት ካለቀ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ጆርጅ ስትሪት ላይ ሌላ እንድናይ ያዘናል። ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል። ነገር ግን ካውጌት ከድልድዮቹ ሥር የሚያልፍ ጎዳና ነው፤ በወረቀት ላይ ሳውዝ ብሪጅ ከሚባለው ድልድይ ጋር ሲቋረጥ ታዩታላችሁ፣ ቦታው ላይ ስትደርሱ ድልድዩ ከራሳችሁ በላይ ነው። ደረጃውን ወጥተን፣ ሮያል ማይል በሚባለው ጎዳና በራሪ ወረቀት የሚያድለውን ሕዝብ ሰንጥቀን ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። ብዙዎቹ ትርዒቶች ዘግይቶ የመጣ አያስገቡም። ከሦስቱ የተከፈለባቸው አንዱ እንዲሁ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሰሌዳውን ጥለን በፕሪንሰስ ስትሪት ምዕራብ ጫፍ ወዳለው ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2001 የተገኘው እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ በተከታዩ ዓመት ወደ አገሩ ተመልሷል። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ጥቂት ቆመች። ከጉዞው ሁሉ የማስታውሰው ይህን ነው፤ የጥቅሉ አካል አልነበረም።

ስንመለስ ገንዘባችን እንዲመለስልን ጻፍን። መልሱ «የሸጥንላችሁ ትኬት ሳይሆን የዕቅድ አገልግሎት ነው» የሚል ሆነ። የከፈልሁት በባንክ ዝውውር ነበር፤ ሁለተኛው ስህተቴ ይህ ነው። በብሪታንያ ዋጋው ከ100 ፓውንድ የሚበልጥ ነገር በክሬዲት ካርድ ከተገዛ፣ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት ሻጩ ውሉን ሲያፈርስ ካርዱን የሰጠው ባንክም አብሮ ይጠየቃል። በዝውውር የላከ ሰው ይህ ከለላ የለውም።

መሄዱን ግን አትተዉ። ትኬት ከማኅበሩ ድረ ገጽ ወይም ከራሱ ከአዳራሹ አንድ በአንድ ግዙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሙከራ ትርዒቶች ስላሉ ዋጋው ይቀንሳል። ነጻዎቹ ጋ ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ለባልዲው የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ያዙ። በሁለት ትርዒቶች መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉ። ማደሪያ በግል ቤት የምትከራዩ ከሆነ ማስታወቂያው ላይ የፈቃድ ቁጥር መኖሩን ተመልከቱ፤ በስኮትላንድ የአጭር ጊዜ ኪራይ በአብዛኛው ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ሰሞኑን ያው ማስታወቂያ እንደገና ወጥቶ አየሁት። ዋጋው 160 ፓውንድ ሆኗል። ባግፓይፕ ነፊዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው።