ስድስት ወንበር ያላት ሱሺ ቤት

ጓደኛዬ ቀጠሯችንን ከረቡዕ ወደ ሐሙስ አዛወረው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ቶኪዮ ድረስ ተከትሎን መጥቷል፤ እሱ ከማይበሉት ወገን ነው። የሚኖረው ሐበሻ በብዛት በሚገኝበት በዮትሱጊ ሰፈር ስለሆነ እንጀራ አይቸግረውም። ሱሺን ግን የሚያውቀው ፊት ለፊቱ እየዞረ ከሚያልፍ ሳህን ላይ አንስቶ ብቻ ነበር።

የወሰድኩት ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ ወዳለች ጠባብ ቤት ነው። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ጨርቅ ገለጥ አድርገን ስንገባ አንድ ባንኮኒ፣ ስድስት ወንበርና አንድ ሽማግሌ ተቀበሉን። ምሳ 1,500 የን ነው፤ ስምንት ፍሬ ሱሺ፣ የሚሶ (የተብላላ አኩሪ አተር) ሾርባና ምላስ የሚልጥ አረንጓዴ ሻይ ይዞ ይመጣል።

ሰው ስለ ሱሺ ሲያወራ ዓሣውን ያወድሳል። እኔ እዚህ ቤት የምመላለሰው ለሩዙ ነው። ዶሮ ወጡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ እንጀራው ከደረቀ ምን ዋጋ አለው? የዚህ ቤት ሩዝ መልኩ ቡኒ ይላል፤ ዓመታት ከተቀመጠ የሳኬ (የጃፓኖች የሩዝ መጠጥ) አተላ የሚሠራ ቀይ ኮምጣጤ ይገባበታል። ሙቀቱም የሰው እጅ ያህል ነው። ሽማግሌው እጃቸውን በውኃ ያርሱና ሩዝ ቆንጠር ያደርጋሉ፤ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚወጋውን ዋሳቢ በጣታቸው ዓሣው ላይ ያስነካሉ፤ ሁለት ሦስቴ ጨበጥ ለቀቅ፣ አለቀ። ፍሬዋ ፊቴ ስታርፍ ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ ሩዙ በራሱ ክብደት ትንሽ ዝቅ አለ። ውስጡ አየር ስላለ ነው፤ አፍ ውስጥ ገና ሲገባ ይበተናል።

ጓደኛዬ በእጅ መብላት ነውር እንዳልሆነ ሲሰማ ቾፕስቲኩን ወዲያ አደረገው። ሶያ ሶሱን ግን በሩዙ በኩል ነከረና ፍሬዋ ፈረሰችበት። የሚነከረው በዓሣው በኩል ነው።

ሳልመን ጠይቆ አጣ። ጥሬ ሳልመን ወደ ሱሺ የገባው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በኖርዌይ ነጋዴዎች ግፊት ነው፤ ሽማግሌው የድሮውን የኤዶ (የቀድሞዋ ቶኪዮ) ሥርዓት የሚከተሉ ናቸው። በምትኩ ኮሃዳ አቀረቡለት፤ ቆዳዋ የብር መልክ ያላት ትንሽ ዓሣ ናት፤ በጨው ታሽታ ኮምጣጤ ውስጥ ትቆያለች። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ሱሺ መንገድ ላይ ቆመው የሚበሉት የችኩል ሰው ምግብ ስለነበር ዓሣው በጨው፣ በኮምጣጤ ወይም በሶያ ካልተያዘ አይዘልቅም ነበር። ጨው የሚቆይበት ጊዜ እንደ ዓሣው ስብና እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ የባለሙያው እጅ የሚፈተነው በኮሃዳ ነው። ጓደኛዬ ቀመሰ፣ ዝም አለ፣ ድገመኝ አለ።

አናጎ ሲመጣ ግን እጁን ሰበሰበ። ተቀቅሎ ጣፋጭ ሶስ የተቀባ፣ እባብ የመሰለ የባሕር ዓሣ ነው። «ቅርፊት አለው?» አለኝ። የለውም። እንደ ኦሪቱ አይሆንም አለ፤ ሽማግሌው ምክንያቱን ሳይጠይቁ አንስተው በእንቁላል ለወጡለት። አናጎውን እኔ በላሁት።

ሁሉም ነገር ሰመረ አልልም። ቱናው በጣም ቀዝቅዞ ጣዕሙ ጠፍቶ ነበር። ያም ሆኖ፣ የዓሣ ጨረታው ገበያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ወደ ቶዮሱ ሰፈር ከሄደ በኋላም ቱሪስት በማይጠፋበት በጹኪጂ አካባቢ አንድ ሰዓት ተሰልፌ፣ እጥፍ ከፍዬ ከበላሁት ቀዝቃዛ ሩዝ ጋር አይወዳደርም።

ቲፕ አይሰጥም፤ ካርድ አይቀበሉም። ሩዙ ሲያልቅ ሰማያዊው ጨርቅ ይወርዳል፤ ያኔ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ጓደኛዬ በሳምንቱ ሐሙስ ለብቻው ሄዶ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ቢደርስ ጨርቁ ወርዶ አገኘው።