የማዕከላችንን በር ላስተካከሉልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ አረጋውያን ወገኖቻችን ቀን ቀን የሚውሉበትን አነስተኛ ማዕከል አስተዳድራለሁ። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው የመውጫ በራችንን የኤሌክትሪክ ቁልፍ በደንቡ መሠረት አስተካክለው ከብዙ ጭንቀት የገላገሉንን ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ለማመስገን፣ እንደ እኔው ማዕከል፣ መዋዕለ ሕፃናት ወይም ቢሮ ለምታስተዳድሩ ሁሉም ያለ አንዳች ማመንታት ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጠራ ስለ ጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬአለሁ።

በማዕከላችን ከሚውሉት እናቶችና አባቶች መካከል የመርሳት ሕመም ያለባቸው አሉ። ዓይናችን ዘወር ባለ ቁጥር ወደ ቤቴ ልሂድ ብለው ይነሣሉ፤ አዲስ አበባ ያሉ እየመሰላቸው ታክሲ ፍለጋ የሚወጡም አልጠፉም። በሩ ደግሞ የሚያወጣው መኪና ወደሚበዛበት መንገድ ነው። ስለዚህ በማግኔት የሚቆለፍ በር አስገጠምን፤ ጣጣው የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁልፉን የገጠመልን ድርጅት «መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ ኃይል ስለሚያጣ በሩ በራሱ ይከፈታል፤ አትስጉ» ብሎን ክፍያውን ተቀብሎ ሄደ። ከኮርኒሱ በላይ፣ መብራት ቢጠፋም በሩን ቆልፎ የሚያቆይ መጠባበቂያ ባትሪ ማስቀመጡን ግን አልነገረንም፤ ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጋርም ጭራሽ አላገናኘውም ነበር። ይህን ያወቅነው የእሳት ደኅንነት ተቆጣጣሪው ለፍተሻ መጥቶ ደወሉን ባስጮኸ ጊዜ ነው። ደወሉ ሕንፃውን እያናወጠው በሩ ንቅንቅ አላለም። በዊልቸር የተቀመጡትን እናቶች ዞር ብዬ ሳይ የተሰማኝን ድንጋጤ ለማንም አልመኝም። ተቆጣጣሪው ችግሩ እስኪስተካከል ድረስ ቁልፉ ከሥራ ውጭ እንዲሆን አዘዘ፤ ከሠራተኞቻችን አንዷም ሌላ ሥራዋን ትታ ቀኑን ሙሉ በር ስትጠብቅ መዋል ግድ ሆነባት።

ድርጅቱ መጀመሪያ «ሰው እንልካለን» ሲለን ቆይቶ በኋላ ስልክ ማንሣቱንም ተወው። ሌላ ኩባንያ ጠራን፤ የላከው ሰው ጥቂት ደቂቃ አንጋጦ ኮርኒሱን ካየ በኋላ የማስጠንቀቂያ መሣሪያው በሙሉ መቀየር አለበት ብሎ ማዕከሉን የሚያዘጋ ዋጋ ነገረን፤ ለማየቱም ለብቻ አስከፈለን። ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን የገዛ ወገናችን የሆነ ሌላ ሠራተኛ ነው። እንግዳ መቀበያው ሥር የተደበቀ ማብሪያና ማጥፊያ ልግጠምላችሁና ተቆጣጣሪው ሲመጣ ብቻ ቁልፉን ታጠፉታላችሁ አለን።

የማመሰግናቸው ባለሙያ ይህን ሲሰሙ ለአፍታ ዝም አሉና፣ እ.ኤ.አ. በ1911 በኒውዮርክ ትራያንግል በተባለው የልብስ ፋብሪካ በተነሣው እሳት 146 ሰዎች እንዳለቁ፣ ለዚያ እልቂት ካበቁት ምክንያቶች አንዱም የተቆለፈ በር እንደነበረ ነገሩኝ። ቀጥለውም ደንቡ ምን እንደሚል ያለ ችኮላ አስረዱኝ። እኛን በመሰለ ቦታ በሩ ሲገፋ ጮኾ እስከ 15 ሰከንድ ድረስ ሳይከፈት ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ሠራተኛው ደርሶ አረጋዊውን እንዲመልስ ፋታ ይሰጣል። የእሳት ማስጠንቀቂያው ከተነሣ፣ እሳት ሲነሣ ከኮርኒሱ ውኃ የሚረጨው ስፕሪንክለር ሥራ ከጀመረ ወይም ቁልፉ ኃይል ካጣ ግን አንድም ሰከንድ መጠበቅ የለም፤ በሩ ወዲያውኑ መለቀቅ አለበት።

ሽቦውን በየት በኩል እንዳሳለፉት ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻ አሁን ደወሉ ሲነሣ ከባትሪው ወደ ቁልፉ የሚሄደው ኃይልም አብሮ ይቋረጣል። ደወሉን የሚቆጣጠረውን ሳጥን፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ ፓናሉን መንካት ፈቃድ ያለው የማስጠንቀቂያ ድርጅት ሥራ ነው በማለት እጃቸውን አላስገቡበትም፤ ይልቁንም ከድርጅቱ ጋር ራሳቸው ተነጋግረው ቀጠሮውን አስያዙልን። ከሙከራው በፊትም የእሳት አደጋ መኪና በከንቱ እንዳይመጣ ደወሉን ከሩቅ ለሚከታተለው ጣቢያ እንድናሳውቅ አደረጉ። ከእሳቸው በፊት የመጡት ይህን ማሰባቸውን እጠራጠራለሁ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የሙከራው ዕለት ነው። አረጋውያኑ በድምፁ እንዳይደነግጡ አስቀድመው መሐላቸው ቁጭ ብለው በአማርኛ አስረዷቸው። ከዚያም በሩን ራሳቸው መግፋት ሲችሉ፣ በመደገፊያ የሚሄዱትን አቅመ ደካማ እናታችንን በአክብሮት ጠርተው «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይግፉልኝ፤ እርስዎ ካልቻሉት እኔ ብችለው ዋጋ የለውም» አሉ። እማማ ገፉት፤ በሩም ይጮኽ ጀመር። ባለሙያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቆጥሩ ሁሉም አብረው ቆጠሩ፤ 15 ላይ ሲከፈት ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አንድ አባታችን ግን ቸኩለው 20 ደርሰው ነበር! በኋላ የማስጠንቀቂያው ደወል ሲነሣ ደግሞ መቁጠር ሳያስፈልግ በሩ በዚያው ቅጽበት ተለቀቀ፤ ፓናሉ ወደ ቀድሞ ሁኔታው እስኪመለስም ድረስ ሳይቆለፍ ቆየ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

በበሩ ላይ በደንቡ መሠረት የሚለጠፈው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸው ግን ከጎኑ «እስኪጮኽ ይግፉ፤ በሩ በ15 ሰከንድ ውስጥ ይከፈታል» የሚል በትልልቅ ፊደል የታተመ የአማርኛ ጽሑፍ በራሳቸው ወጪ አሠርተው አመጡልን፤ ልክፈል ብላቸውም እምቢ አሉ። ተቆጣጣሪውም ተመልሶ መጥቶ ሁሉንም ፈትኖ አጸደቀልን።

ወገኖቼ፣ በኤሌክትሪክ የሚቆለፍ በር ካላችሁ እባካችሁ እኚህን ሰው ጥሩ። ታማኝ ናቸው፣ ሥራቸውን ያውቃሉ፣ የማያስፈልግ ዕቃ አያስገዙም፣ ሰው ያከብራሉ። እሳቸውን ባትጠሩም እንኳ ቁልፉን የገጠመላችሁን ሰው የእሳት ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ በሩ ይከፈት እንደሆነ ጠይቁት፤ «አዎ» ቢላችሁም ፊታችሁ አስፈትኑት። ስልካቸውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ። ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀጠሮ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ለፍተሻ የተቆረጠ ቀን ካለባችሁም መጀመሪያውኑ ንገሯቸው።