የስምምነቶች ጓዳ፦ የተባበሩት መንግሥታት የስምምነቶች ስብስብ ድረ ገጽ

ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚከራከር ሰው ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት አንድ ድረ ገጽ እንዲከፍት ቢገደድ፣ ከክርክሩ ግማሹ ሳይጀመር ይቀር ነበር። ድረ ገጹ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሕግ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሥር ያለው የስምምነቶች ክፍል የሚያዘጋጀው የስምምነቶች ስብስብ ነው። ዓለም አቀፍ ሕግ አስተምራለሁ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ አዘውትሬ የማገላብጠውም እርሱን ነው። አገልግሎቱ በነጻ ነው። መልኩ ግን ለዐይን አይስብም፤ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ላይ የተደረበበት፣ ፊደሉ የደቀቀ፣ የግርጌ ማስታወሻው አንዳንዴ ከዋናው ጽሑፍ የሚረዝም ገጽ ነው። ውበት የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ።

መዝገቡ የኖረው መንግሥታት ግልጽነትን ስለወደዱ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በድብቅ የተፈረሙ ውሎች ለእልቂቱ አስተዋጽኦ አድርገዋል የሚለው ወቀሳ ስለበረታ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 18 ያልተመዘገበ ስምምነት አስገዳጅ አይሆንም ብሎ ደነገገ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 102 ይህን አለዘበው። አባል አገሮች የሚዋዋሉት ስምምነት ሁሉ በተቻለ ፍጥነት ተመዝግቦ ይታተማል፤ ያልተመዘገበውን ግን ተዋዋዮቹ በድርጅቱ አካላት ፊት ሊጠቅሱት አይችሉም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ብሂል በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ይሳሳታሉ። አለመመዝገብ ስምምነቱን አያፈርሰውም። በታኅሣሥ 1990 እ.ኤ.አ. የኳታር፣ የባሕሬንና የሳዑዲ ዓረቢያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ዶሃ ላይ አንድ ቃለ ጉባኤ ፈረሙ። ኳታር ቃለ ጉባኤውን ይዛ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ስትሄድ፣ የባሕሬን ሚኒስትር የፈረምኩት የውይይት መዝገብ እንጂ ስምምነት አይደለም አሉ። ባሕሬን ኳታር ሰነዱን ዘግይታ ማስመዝገቧንም እንደ መከራከሪያ አነሣች። ፍርድ ቤቱ በ1994 ሁለቱንም አልተቀበለም። ሰነዱ ሁለቱ መንግሥታት የገቡትን ግዴታ ስለሚዘረዝር ርእሱ ቃለ ጉባኤ ቢሆንም ስምምነት ነው፤ ዘግይቶ መመዝገብም ሆነ ጭራሽ አለመመዝገብ አስገዳጅነቱን አይነካውም አለ። በ1969 የተፈረመው የቪየናው የስምምነቶች ሕግ ስምምነትም በአንቀጽ 2 የሚለው ይህንኑ ነው። በአገሮች መካከል በጽሑፍ የተደረገና በዓለም አቀፍ ሕግ የሚገዛ ከሆነ ስያሜው ምንም ይሁን ምን ስምምነት ነው። ሚኒስትሮች ከመፈረማቸው በፊት ይህችን ፍርድ ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ወደ ድረ ገጹ ልመለስ። የሚጠቅሙት ክፍሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የተመዘገቡት ስምምነቶች ሙሉ ቃል የታተመባቸው ቅጾች ስብስብ ነው። የቪየናውን ስምምነት የሚፈልግ ሰው ቅጽ 1155 ገጽ 331 ላይ ያገኘዋል። ስምምነቱ በተጻፈባቸው ቋንቋዎች ይታተማል፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ከሌሉበት ትርጉማቸው ይጨመራል። አሮጌዎቹ ቅጾች ከወረቀት የተነሡ ምስሎች ስለሆኑ በቃል ፍለጋ ብቻ መተማመን አያዋጣም። የቅጹን ወይም የምዝገባውን ቁጥር ይዞ መግባት ድካም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ክፍል ግን የድረ ገጹ ነፍስ ነው። የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ በባለ አደራነት፣ ማለትም ዋናውን ሰነድና የአገሮቹን ማሳወቂያ ተቀብሎ በመያዝ፣ የሚጠብቃቸው ከ560 በላይ የብዙ አገሮች ስምምነቶች እያንዳንዳቸው ያሉበት ሁኔታ እዚያ ተመዝግቧል። ማን ፈረመ፣ ማን አጸደቀ፣ ማን ሳይፈርም በኋላ ተቀላቀለ፣ ማን ከቀድሞ መንግሥት ወረሰ፣ ሁሉም ከነቀኑ ይታያል። መፈረም ማጽደቅ አይደለም። ማጽደቅ በሚጠይቅ ስምምነት ላይ የፈረመ አገር፣ በቪየናው ስምምነት አንቀጽ 18 መሠረት፣ የስምምነቱን ዓላማ ከማክሸፍ እንዲታቀብ ይጠበቅበታል እንጂ ገና ተዋዋይ አልሆነም። «እገሌ የተባለው አገር ፈርሟል» ብሎ ክርክሩን የሚዘጋ ጸሐፊ የፊርማውን ዓምድ አይቶ ቀጥሎ ያለውን ዓምድ ዘሎታል ማለት ነው።

የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን ገጽ ለምሳሌ ልውሰድ። ከላይ ቃል ኪዳኑ የጸናበት ቀን፣ 23 መጋቢት 1976 እ.ኤ.አ.፣ የምዝገባ ቁጥሩ 14668 ይነበባል። ከዚያ የአገሮች ዝርዝር ይከተላል፤ ሰሜን ኮሪያ በ1981 እንደገባች ተጽፏል፤ ከስሟ ጎን ትንሽ ቁጥር አለች። ቁጥሯን ተከትሎ ወደ ግርጌ የወረደ አንባቢ ታሪክ ያገኛል። ሰሜን ኮሪያ በነሐሴ 1997 ከቃል ኪዳኑ ወጥቻለሁ ብላ አሳወቀች። ቃል ኪዳኑ ስለ መውጣት የሚናገር አንቀጽ የለውም። ዋና ጸሐፊው በመስከረም የላኩት ማስታወሻ፣ ተዋዋዮቹ ሁሉ ካልተስማሙ መውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነበር። አገሪቱም እስከ ዛሬ በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ስምምነት እንዴት ያስራል ብሎ ለሚጠይቀኝ ተማሪ ከዚህች የግርጌ ማስታወሻ የተሻለ መልስ የለኝም።

ከሠንጠረዡ ሥር የአገሮች መግለጫና ተዐቅቦ ይመጣል። ተዐቅቦ ማለት አንድ አገር ስምምነቱን ሲቀበል «ይህ አንቀጽ እኔን አያስገድደኝም» ብሎ የሚያስመዘግበው ነው። ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ካለ የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት ገጽ ይክፈት። አሜሪካ በ1988 ስታጸድቅ፣ በአንቀጽ 9 መሠረት ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማንኛውም ክስ በየጊዜው የእርሷን ልዩ ፈቃድ እንዲጠይቅ አስመዘገበች። ዩጎዝላቪያ በ1999 ይህንኑ ስምምነት ጠቅሳ የኔቶ አባል አገሮችን ስትከስ፣ ፍርድ ቤቱ ተዐቅቦውን አይቶ በአሜሪካ ላይ የቀረበውን ክስ ሥልጣን እንደሌለኝ ግልጽ ነው ብሎ ከመዝገቡ ፋቀው። ኔዘርላንድስን የመሰሉ አገሮች እንዲህ ያለውን ተዐቅቦ የተቃወሙበት ቃልም እዚያው ገጽ ላይ ታች ይነበባል። ስምምነቱ በሁሉም አገር ላይ አንድ ዓይነት ሸክም ይጥላል ብሎ የሚያስተምር መምህር ካለ ይህን ገጽ ወደ ታች አልወረደበትም።

ጉድለቱስ? ትልቁ፣ የሚጠብቀው ለዋና ጸሐፊው በአደራ የተሰጡትን ብቻ መሆኑ ነው። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች ባለ አደራ የስዊዘርላንድ መንግሥት ነው። የኒውክሌር ጦር መሣሪያን መስፋፋት የሚገታው ስምምነት ባለ አደራዎች ደግሞ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሩሲያ ናቸው። ቃላቸው በታተሙት ቅጾች ውስጥ ቢገኝም በሁኔታ ሠንጠረዦቹ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ የጄኔቫ ስምምነቶችን ፈልጎ ያጣ ጀማሪ ስሕተቱ የእርሱ እንዳልሆነ ይወቅ። በመነሻው ገጽ ላይ በደማቅ ፊደል አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ቢጻፍ ምን ነበረበት? ሌላው፣ የአዳዲስ ስምምነቶች ቅጽ ለመታተም ጊዜ ይወስዳል። ለቸኮለ ሰው ግን የብዙዎቹ ትክክለኛ ቅጂ ለብቻው ስለተቀመጠ ቅጹን መጠበቅ አያስፈልገውም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት በአቀማመጡ ምክንያት ነው። ለጀማሪ የምመክረው በምዕራፍ መግባትን ነው። የሰብአዊ መብት ስምምነቶች በምዕራፍ 4፣ የስምምነቶች ሕግ በምዕራፍ 23 አሉ። የተከፈተው ገጽ መቼ እንደታየ ከላይ ከነሰዓቱ ስለሚጻፍ፣ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ያንን ቀን አብሮ ይቅዳ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አገር አጽድቆ፣ ወይም ተዐቅቦውን አንሥቶ ሊሆን ይችላል።