ትኬቱ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ የሚያበርራችሁ ሌላ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደለስ ለሚገቡ ወላጆቻችሁ እስከ ኮሎምበስ ወይም ወደ ሌላ መካከለኛ ከተማ የሚያደርስ ትኬት የምትቆርጡ ወገኖች፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ከበረራ ቁጥሩ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን መስመር አንብቡ። "ኦፕሬትድ ባይ" (የሚያበርረው እገሌ ነው) ትላለች። ከላይ ዩናይትድ፣ ዴልታ ወይም አሜሪካን ተጽፎ ከሥር ስካይዌስት፣ ሪፐብሊክ፣ ኤንደቨር ወይም ፒኤስኤ ካያችሁ፣ የከፈላችሁት ለትልቁ ስም ነው፤ የሚያበርራችሁ ተቋራጭ ነው።

ትልቁ አየር መንገድ ሰዓቱን ያወጣል፣ ትኬቱን ይሸጣል፣ ገንዘቡን ይሰበስባል። ተቋራጩ በትልቁ ቀለም የተቀባ አውሮፕላን ከነአብራሪውና አስተናጋጁ ያቀርብና በውሉ መሠረት ይከፈለዋል። ውሉን ለማግኘት ተቋራጮች በዋጋ ይሻማሉ። ነዳጁን አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ስለሚሸፍነው፣ ዋጋ ለመስበር የቀራቸው በዋናነት የሠራተኛው ደመወዝ ነው። ኤንደቨር የዴልታ፣ ፒኤስኤ የአሜሪካን ንብረት ሆነው እንኳ ሠራተኞቻቸው በሌላ የደመወዝ እርከን ነው የሚሠሩት።

ይህ የት እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ታየ። ከኒውዋርክ የተነሳው አውሮፕላን ትኬት ኮንቲኔንታል ይላል፤ የሚያበርረው ኮልጋን ኤር ነበር። ባፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ሞተ፤ አንዱ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት የዋና አብራሪው የተሳሳተ እርምጃ ነው አሉ። ሕዝቡን ያስደነገጠው ግን የረዳት አብራሪዋ ኑሮ ነበር፦ በዓመት 16 ሺህ ዶላር ገደማ ይከፈላት እንደነበር ተነገረ፣ ሲያትል አካባቢ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች፣ ለዚያ ቀን ሥራ ሌሊቱን አገር አቋርጣ ነበር የመጣችው። የሟች ቤተሰቦች ታግለው በ2010 ሕግ አስወጡ። ያቺ ደቃቅ መስመር በፍለጋው የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንድትታይ የሚያስገድደው ያ ሕግ ነው። የደኅንነት ደንቡ ከዚያ ወዲህ ጠብቋል፤ የአብራሪዎች ክፍያም ከ2022 ጀምሮ በደንብ ከፍ ብሏል። አስተናጋጆቹ ግን ዛሬም ከትልቁ ባልደረቦቻቸው ያነሰ ነው የሚያገኙት።

ለእናንተ የሚተርፈው ጣጣ መሰረዝ ነው። አየሩ ሲበላሽና ማረፊያው ሲጨናነቅ ቀድመው የሚሰረዙት እነዚህ ትንንሽ በረራዎች ናቸው፤ 180 ተሳፋሪ ከማስቀረት 50 ማስቀረት ይረክሳላ! ያን ጊዜ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ላይ አትጩሁ፣ ብዙ ጊዜ እሷም የሌላ ድርጅት ተቀጣሪ ናት፣ ሥልጣን የላትም። ትኬቱን የሸጠላችሁን ያዙ። በ2017 ቺካጎ ላይ አንድ ተሳፋሪ ከመቀመጫው ተጎትቶ ሲወርድ ዓለም የወቀሰው ዩናይትድን ነበር። በረራው የሪፐብሊክ ነው፤ መቀመጫው የተፈለገውም ለሪፐብሊክ ሠራተኞች ነበር።

ሠራተኞቹስ? ውሉ ሲነጠቅ ድርጅቱ ይዘጋል፤ በ2020 ኮምፓስና ትራንስ ስቴትስ እንዲያ ሆኑ። በዚህ ሙያ ደመወዝም ፈረቃም በቆይታ ስለሚወሰን፣ አሥር ዓመት የሠራ ሰው ሌላ ቦታ ሲገባ እንደ ጀማሪ ይቆጠራል።

እንግዲህ አማራጭ ከሌላችሁ፦ ወኪሉ "ይረክሳል" ብሎ ሁለት የተለያየ ትኬት ሲያቀርብላችሁ እምቢ በሉ። ጉዞው ሁሉ በአንድ ትኬት ከሆነ የሻንጣው ደንብ እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ተከታዩ ቢያመልጣቸውም አየር መንገዱ ሌላ በረራ ያስይዝላቸዋል። ደለስ ላይ ሻንጣቸውን ተቀብለው በጉምሩክ አልፈው እንደገና ማስረከብ ስላለባቸው ሰፊ የመሸጋገሪያ ሰዓት ስጧቸው። በ50 መቀመጫው አውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ብዙ ጊዜ ከላይ አይገባም፣ በሩ ላይ ይወሰድባቸዋል፤ የእማማን የደም ግፊት መድኃኒትና ፓስፖርቱን በትከሻ ቦርሳ አስይዟቸው። በረራው ተሰርዞ ሌላውን ካልፈለጋችሁ ወይም ጊዜው በአገር ውስጥ ጉዞ በ3 ሰዓት፣ በዓለም አቀፍ በ6 ሰዓት ከተዛወረባችሁና ካልተጓዛችሁ፣ ገንዘባችሁን መመለስ ግዴታቸው ነው። ቫውቸር ሲዘረጉላችሁ አትቀበሉ፣ በከፈላችሁበት ካርድ ይመልሱ።