ኢንቨርተር የሚፈተነው እኩለ ቀን ላይ ነው

ኢንቨርተር (የሶላር ፓኔሉን ኃይል ለቤትና ለመስመሩ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ሲገዛ ሁሉም የሚጠይቀው ከሚገባው ኃይል ስንት በመቶውን ያደርሳል የሚለውን ነው። 97 ይሁን 98 ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። እኔ ይሄ 5 ኪሎዋት ሀይብሪድ (ከባትሪም ጋር የሚሠራ) ኢንቨርተር ከተገጠመልኝ ጀምሮ የምከታተለው የኤሌክትሪክ መስመሩን ቮልቴጅ ነው። የምመዝነውም በዚያ ነው።

ቤቴ የመስመሩ ጫፍ ላይ ነው። ከትራንስፎርመሩ እኔ ጋ የሚደርሰው ገመድ ረጅም ነው፤ ቀጭንም ነው። ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ጣሪያቸው ላይ ሶላር አላቸው። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ቤት ያመርታል፤ የሚጠቀም ግን የለም፣ ሰው ሥራ ላይ ነው። ትርፉ ወደ መስመሩ ይገባል። ኃይል ወደ መስመር ለማስገባት ደግሞ የኢንቨርተሩ ቮልቴጅ ከመስመሩ ከፍ ማለት አለበት። ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 ኪሎዋት በ230 ቮልት ወደ 22 አምፒር ነው። የገመዱ ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪኩ ያለው እንቅፋት) ደርሶ መልስ ግማሽ ኦም ቢሆን 11 ቮልት ይጨመራል። መስመሩ አስቀድሞ 243 ላይ ከነበረ 254 ደረስን ማለት ነው። በ230 ቮልት መስመር ላይ ብዙ አገሮች የሚፈቅዱት 10 በመቶ ጭማሪ ነው፤ 253 ማለት ነው።

የድሮው ኢንቨርተሬ እዚህ ሲደርስ ጭራሽ ይጠፋ ነበር። ቀጭ ይላል፣ ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ ቮልቴጁ ይወጣል፣ እንደገና ቀጭ። የአፑ ግራፍ የመጋዝ ጥርስ ይመስል ነበር። ፀሐይ ይበልጥ በበረታች ቁጥር ይበልጥ እከስር ነበር።

አዲሱ እንዲህ አያደርግም። ቮልቴጁ ከፍ ማለት ሲጀምር መጀመሪያ ሪአክቲቭ ኃይል (ሥራ የማይሠራ፣ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኃይል) ከመስመሩ ይስባል፤ ይሄ ቮልቴጁን ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። እንደኔ ባለ ቀጭን ገመድ ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ ሬዚስታንሱ ያይላል። ያ ካልበቃ ምርቱን ቀስ እያለ ይቀንሳል። በአብዛኛው አውስትራሊያ የሚሠራበት መመዘኛ ቅነሳውን 253 ላይ ያስጀምርና 260 ላይ ወደ 20 በመቶ ያወርደዋል። የኔም ሲገጠም በዚሁ ዓይነት ሴቲንግ ነው የተስተካከለው። ስክሪኑ ፊት ቆሜ አይቼዋለሁ፤ 4.6 ኪሎዋት የነበረው 4.3፣ ከዚያ 3.9 ይሆናል። ቮልቴጁ ሲወርድ ተመልሶ ይወጣል። መቋረጥ የለም። ይሄ አንድ ነገር ብቻውን ግዢውን አስደስቶኛል።

ሁሉም ኢንቨርተር እንዲህ ቢሠራ የሚጠቀመው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ የድሮዎቹ ኢንቨርተሮች የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ መደበኛው 50 ነው) 50.2 ኸርዝ ሲደርስ በአንዴ እንዲጠፉ ተደርገው ነበር የተሠሩት። ጥቂት ሳሉ ችግር አልነበረም። ሲበዙ ግን ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ቅጽበት ሊጠፋ ሆነ። በ2012 ሕግ ወጥቶ ብዙዎቹ እንደገና እንዲስተካከሉ ተደረገ። ሃዋይ ደግሞ በ2015 ወደ 800,000 የሚጠጉ ትንንሽ ኢንቨርተሮች ሴቲንግ በኢንተርኔት ከሩቅ ተቀይሯል። ስለዚህ አፑ ላይ አዲስ ሶፍትዌር ሲመጣ ዝም ብዬ አላልፈውም፣ እጭነዋለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ባትሪው! ከፋብሪካ ሲመጣ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች መሙላት እንዲጀምር ተደርጎ ነው የሚመጣው። ረፋዱ ላይ ይሞላል። እኩለ ቀን ላይ፣ መስመሩ ሲጨናነቅና ማጠራቀሚያ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ባትሪው ጢም ብሏል። መቀየር ይቻላል፤ ግን የመሙያ ሰዓቱ ያለው በሦስተኛው ሜኑ ውስጥ፣ ግልጽ ባልሆነ ስም ነው። ረፋዱ ላይ እንዲጀምር አድርጌ፣ የመሙያውን ፍጥነትም ቀነስኩት። የውሃ ማሞቂያውንም በኢንቨርተሩ ሪሌይ (በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ከትርፉ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ቀን ይሞቃል፣ ማታ እንጠቀምበታለን። ከእነዚህ ሁለት ለውጦች በኋላ ቮልቴጁ 253ን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከፋብሪካው ተስተካክሎ መምጣት ነበረበት።

ወደ መስመሩ የሚወጣውን ኃይል መገደቢያውም በደንብ ይሠራል። ዋናው ገመድ ላይ በምትታሰር ትንሽ ሴንሰር ነው የሚለካው። ሴንሰሯ ላይ ያለው ቀስት አቅጣጫው መስተካከሉን ገጣሚው ፊታችሁ ያሳያችሁ። ከተገለበጠ ኢንቨርተሩ መውጣቱን እንደ መግባት ይቆጥረዋል፣ ገደቡም ዋጋ የለውም።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አንዳንድ ገጣሚዎች ኢንቨርተሩ ምርት እንዳይቀንስ ብለው የቮልቴጅ ገደቡን ከተፈቀደው በላይ ከፍ ያደርጉታል። ለኔም አንዱ ሐሳቡን አቅርቦልኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። የኔ ትርፍ የጎረቤቴን ፍሪጅና አምፖል እያቃጠለ አይሆንም።

ኢንቨርተሩ የማይፈታውም ችግር አለ። ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ቤት ምንም ሳይቀነስበት ይሸጣል፤ እኛ ጫፍ ላይ ያለነው እንቀንሳለን። ፀሐዩ አንድ፣ ፓኔሉ አንድ፣ ገቢው ግን ይለያያል። ይሄ የመስመሩ ባለቤት ሥራ ነው። የትራንስፎርመሩን መነሻ ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ፣ ቤቶቹን በሦስቱ ፌዝ (ኤሌክትሪክ በሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች) እኩል ማከፋፈል፣ ገመዱን ማወፈር ይችላል። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሌላ መንገድ አለ። ደንበኛው ቋሚ 1.5 ኪሎዋት ገደብ ወይም መስመሩ ሲፈቅድ እስከ 10 ኪሎዋት የሚደርስ ተለዋዋጭ ገደብ ይመርጣል። ኢንቨርተሬ እንዲህ ያለ ትእዛዝ በኢንተርኔት መቀበል ይችላል፤ እኔ ያለሁበት መስመር ላይ ግን ላኪ የለም።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በባትሪው ሜኑ ምክንያት ነው። ቤታችሁ የመስመሩ ጫፍ ላይ ከሆነ ይሄን ዓይነቱን ግዙ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ፀሐይ ባለበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሶኬታችሁን በቮልቲሜትር አስለኩ። ቁጥሩ 245ን ካለፈ ተጨማሪ ፓኔል ከመግዛት ባትሪ ይሻላችኋል።