ለሕፃናት የኤችአይቪ ምርመራ ባለሙያዎች ምስጋናችን፣ ለእናቶችም ጥቆማችን

በየጤና ጣቢያው የእናቶችና ሕፃናት ክፍል የምትሠሩ አዋላጆችና ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ናሙናውን የምታደርሱ የፖስታ ሠራተኞችም፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት የወለደችው ልጅ በስድስተኛ ሳምንቱ ተመርምሮ ሁኔታው ቶሎ እንዲታወቅ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ። ምስጋናችን በደፈናው እንዳይቀር ሥራችሁን ዘርዝረን እንጻፈው፤ እናቶችም ያንብቡት።

ለአዋቂ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ በዋናነት የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። የእናት አንቲቦዲ ግን በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ከተወለደ በኋላም እስከ 18 ወር በሕፃኑ ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በጨቅላ ላይ ፈጣኑ ምርመራ «አለ» ቢል፣ የተናገረው ስለ እናቲቱ ሊሆን ይችላል። ለሕፃናት በስድስተኛ ሳምንት የሚሠራው የዲኤንኤ ምርመራ ግን የቫይረሱን የራሱን ዘረመል ይፈልጋል። ቫይረሱ ዘረመሉን በሕፃኑ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ይሰካል፤ የፒሲአር መሣሪያው ያችን ቁራጭ ደጋግሞ አባዝቶ ያወጣታል።

መሣሪያው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውጤቱ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከካርዱ፣ ማለትም የሕፃኑ ደም ጠብታ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ከሚላክበት ወረቀት ነው። ጎበዝ ባለሙያ መጀመሪያ የሕፃኑን እግር ያሞቃል፣ ተረከዙን በአልኮል ይጠርጋል፣ አልኮሉ እስኪደርቅም ይጠብቃል፤ ካልደረቀ ከደሙ ጋር ይቀላቀላልና። የሚወጋው የተረከዙን ጎንና ጎን ነው፤ መሀሉ ለአጥንት ቅርብ ነው፣ ጥልቀቱም ከ2 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። የመጀመሪያውን ጠብታ በደረቅ ጎዝ ጠርጎ ይጥላል። ቀጣዩ ጠብታ እስኪተልቅ ታግሶ፣ ቆዳው ካርዱን ሳይነካ፣ አንዱን ክብ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ካርዱ ላይ አምስት ክቦች አሉ፤ እያንዳንዱ 75 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም ይይዛል። በደረቀ ጠብታ ላይ ሌላ መደረብ ወይም ደም እንዲወጣ ተረከዙን አጥብቆ መጭመቅ ናሙናውን ያበላሻል፤ ሲጨመቅ የሰውነት ፈሳሽ ገብቶ ደሙን ያቀጥነዋል።

ማድረቁ ትዕግሥት ይጠይቃል። ካርዱ ከፀሐይና ከአቧራ ርቆ፣ ሌላ ካርድ ሳይነካው፣ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ ይቆያል። ጥቁር ቡናማ ሲሆን በስስ ወረቀት ተለይቶ፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶችና የእርጥበት መለኪያ ካርድ ባሉበት ዚፕ ፕላስቲክ ይታሸጋል። መለኪያው ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ከረጢቶቹ መቀየር አለባቸው። እርጥብ ሆኖ የታሸገ ካርድ ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይፈራርሳል፤ ላቦራቶሪው ይመልሰውና እናት እንደገና ትጠራለች፣ ሳምንታትም በከንቱ ያልፋሉ። በደንብ የደረቀው ግን ማቀዝቀዣ ሳያስፈልገው በተራ ፖስታ ይጓዛል። ለገጠር ጤና ጣቢያ ከዚህ የበለጠ ዕድል የለም!

ውድ እናቶች፣ ልጃችሁን በስድስተኛ ሳምንቱ ለክትባት ስታመጡ ይህን ምርመራ ጠይቁ። ቅጹ ላይ የልጁ የልደት ቀን፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ የወሰዳችሁት መድኃኒትና ጡት መጥባቱ በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። የሚሠራ ስልክ ቁጥር መስጠትም አትርሱ፤ ውጤቱ ደርሶ እናቲቱን ማግኘት አለመቻል በጣም ያሳዝነናል።

የስድስት ሳምንቱ ውጤት «የለም» ቢል የመጨረሻ አይደለም። ልጁ እስከጠባ ድረስ ቫይረሱ በወተት ሊተላለፍ ይችላል፤ ስለዚህ እናት መድኃኒቷን አታቋርጥ። የመጨረሻው ማረጋገጫ ልጁ 18 ወር ሞልቶት፣ ጡት ካቆመም በኋላ ባለሙያው የሚነግራትን ጊዜ ጠብቃ የሚሠራለት የአንቲቦዲ ምርመራ ነው።

ውጤቱ «አለ» ከሆነ ሕክምናው ወዲያውኑ ይጀመራል፤ ማረጋገጫ የሚሆን ሁለተኛ ናሙና ቢወሰድም መልሱ እስኪመጣ አይጠበቅም። ካልታከሙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን ሳይሞሉ ይሞታሉና መዘግየት አያስፈልግም።

ምርመራው በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ስድስተኛው ሳምንት ካለፈባችሁም አትቅሩ፤ ልጁ በየትኛውም ዕድሜ ላይ ቢሆን ይመረመራል።